ዲምፕና ያጎበጠችው ድምፅ

ዲምፕና ማካቲር ቤልፋስት ውስጥ በበፍታ ፋብሪካ ክር ፈታይ ነበረች። የማሽኑ ጩኸት ስለማያሰማማ ሴቶቹ የሚግባቡት ከንፈር ከንፈር በመተያየት ነው። ዲምፕና ከሥራ ስትወጣ ጆሮዋ ድምፅ ይርበዋል።

በፈረንጆቹ 1964 መርከበኛ አጎቷ ከአሜሪካ አንድ የሙዚቃ ሸክላ አመጣላት። ሸክላው ላይ አንድ ጥቁር ሰው አርሞኒካ ይነፋል፤ መንፋት ከተባለ። ድምፁ ጎንበስ ይላል፣ ያለቅሳል፣ ይነጫነጫል። ዲምፕና የሟች አባቷን አርሞኒካ አወጣች። ያው አሥር ቀዳዳ ነው። ታዲያ ሰውዬው ያንን ከየት ነው የሚያመጣው? ውኃ ውስጥ ነከረችው፣ ምድጃ ዳር አሞቀችው፤ ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን ስትነፋ የፋብሪካው አቧራ ያመጣባት ሳል ያዛት። አርሞኒካው ከአፏ ሳይወጣ ትንፋሿን ሳብ ስታደርግ ድምፁ እንደ ሸክላው ጎንበስ አለ።

ድንች የምትልጠው እናቷ ደነገጠች። "ምነው አንቺ፣ ድመት ረገጥሽ እንዴ?"

"እማዬ፣ አንዴ ዝም በይልኝ!" ለካ መንፋት ሳይሆን መሳብ ኖሯል።

በቅዳሜው ከዳቦ ቤት በላይ ወደሚለማመደው የሎርካን ሙልቬና የሙዚቃ ባንድ ሄደች። ሎርካን ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ከላይ እስከ ታች አያት።

"እህቴ፣ የሰርግ ጭፈራ ከሆነ ተሳስተሻል።"

"አትለፍልፍ፣ ምታ። በሶል ቅኝት።"

"አርሞኒካሽ ላይ የተጻፈው እኮ ዶ ነው!"

"አውቃለሁ። ለምን እንደሚገጥም ግን እኔም አልገባኝም፤ እስቲ እንየው።"

ገጠመ። ከፕሮቴስታንቶቹ ሠፈር ከሻንክል የሚመጣው ከበሮ መቺ ዌስሊ ዱላዎቹን አስቀመጠና፣ "ይቺን ካልያዝናት እኔ የለሁበትም" አለ።

ሁለት ዓመት የጭፈራ አዳራሾችን አናወጡ። ለንደን ሄደው አንድ ሸክላ አስቀረጹ። እዚያ ዲምፕና ስቱዲዮው በር ላይ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ አርሞኒካ ተጫዋች አገኘች።

"አባባ፣ እርስዎ እንዴት ተማሩት?"

"ባቡር እየሰማሁ። አንቺስ ልጄ?"

"በሳል።"

ሽማግሌው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሸክላው እምብዛም አልተሸጠም። ሎርካን ካናዳ ገባ። ከዚያም ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ተጋጭተው ከተማው ሲታመስ፣ መንገዶች ሲዘጉ፣ ዌስሊ ወደ እነሱ ሠፈር መሻገር አልቻለም። ዲምፕና ወደ ክሯ ተመለሰች። የሽማግሌው መልስ ግን ከጭንቅላቷ አልወጣም። ባቡር ደግሞ ምን ያስተምራል?

እሑድ እሑድ ጣቢያ መሄድ ጀመረች። የእንፋሎት ባቡሮቹ ከአገልግሎት ሊወጡ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ዳገቱን ሲጀምሩ እንዴት እንደሚያቃስቱ፣ ሲቆሙ ትንፋሻቸው እንዴት እንደሚወርድ ታዳምጣለች።

"የኔ እመቤት፣ ወዴት ነሽ?" አላት ቲኬት ቆራጩ።

"የትም። ቆይ፣ ያኛው ሊነሣ ነው" አለችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ቲኬት ቆራጩም ሥራውን ትቶ ባቡሩን ሊያዳምጥ አጠገቧ ቆመ።