የነቀልኩት ሶኬት

ትናንት ቤቱን ስጠርግ ከአልጋው ሥር አንድ አሮጌ የሶኬት ገመድ አገኘሁ። አፈር ለብሷል። ሳነሳው ያ የጋለ አቧራ ሽታ መጣብኝ፤ የልጄ ኮምፒውተር ሽታ።

እኔ ፊደል ብዙም አልቆጠርኩም፤ እንደመጣልኝ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜም እዚሁ የካርቱሙ ዴም ሰፈር፣ ከሱቄ ጀርባ ነበር የምንኖረው። ልጄ ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከዓረብኛ ጋር አብሮ የተቦካ። በቤታችን ኢንተርኔት አንድ የጨዋታ ሰርቨር ከፈተች። ኮምፒውተሩ ሲያጉረመርም ይውላል፤ ከጎኑ አረንጓዴ መብራት ቦግ እልም ይላል።

«ይሄ ብረት አያርፍም እንዴ?» ስላት፣

«ባባ፣ ሰው አለበት! ጨዋታው የሚኖረው እኛ ቤት ነው። ካጠፋኸው ሁሉም ይባረራሉ» አለችኝ።

አብረዋት ያደጉት ልጆች ካይሮም ጁባም ተበትነው ነበር። እዚያ ጨዋታ ውስጥ እየተገናኙ ይህንኑ የዴም መንገዳችንን በጡብ በጡብ ይሠሩ ነበር፤ ለመንገደኛ በየደጁ የሚቀመጠው የሸክላ ጋን፣ የውሃው ዚር ሳይቀር።

«ያላ ባባ፣ ና እይ! አንተንም ሠርተንሃል፤ ሱቅህ በር ላይ።»

«ሥራ ፈት! እኔ ራሴ እዚህ ቆሜ ምኑን ነው የማየው?» አልኳት። አላየሁም።

እኔ ደግሞ አመል አለኝ። አንዴ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፍሪጄን አቃጥሎብኛል፤ ከዚያ ወዲህ ከቤት ስወጣ ሶኬት ሁሉ እነቅላለሁ። ልጄ «ይሄን ብቻ ተው፤ መጀመሪያ እኔ በደንብ ልዝጋው» እያለች ትለምነኝ ነበር። አንድ እሑድ እሷ ገበያ ሄዳ፣ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ነቀልኩት። ረስቼ አይደለም። ቤቱ የኔ ነው ብዬ ነው።

ስመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ኸላስ ባባ፣ አለቀ። መንገዱ የለም። እየተመዘገበ ሳለ ነው የነቀልከው፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም።»

«እንደገና ሥሩታ!»

ገመዱን ጠቅልላ አልጋው ሥር ወረወረችው። ልጆቹም ከዚያ ወዲያ አልተሰበሰቡም።

በኋላ ጦርነቱ መጣ። ሸሽተን ካይሮ ገባን፤ እሷ እዚያው ቀረች፤ እኔ አሻፈረኝ ብዬ ወደ ዴም ተመለስኩ። መንገዱ ግማሹ ፍርስራሽ ነው፤ ሱቄም በር የለውም። መብራት ስለሌለ የምነቅለውም የለኝ።

ዛሬ ደውላ ጤናዬን ጠየቀችኝ። ገመዱ እጄ ላይ ነበር።

«ያኔ የሠራችሁኝ እኔ… ምን እያደረግሁ ነበር?» አልኳት።



«በሩን ከፍተህ ይዘህልን ነበር፣ ባባ።»