ከቱርካና መልስ፣ እትዬ ብርነሽ ቤት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና ከተጀመረ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ነርስ ነበርኩ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ሰው ስለ ይቅርታ ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ግን ያ ሰሞን ትዝ እያለኝ አንገቴን እደፋለሁ።

ቤታችን ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ቤተሰባችን የወንጌል አማኝ ስለነበር፣ የጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ እኛ ቤት እየተሰበሰብን፣ በር ዘግተን፣ መዝሙሩንም በሹክሹክታ እየዘመርን እንጸልይ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የአብዮት ጥበቃ ሰዎች መጡና አባቴን ይዘውት ሄዱ። ከሰባት ወር በኋላ ሲፈታ ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር።

ማን እንደጠቆመ አልታወቀም። እኔ ግን እትዬ ብርነሽን ጠረጠርኩ። እትዬ ብርነሽ የቆርቆሮ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው ከአንድ ወንድ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ የማይውሉ ሴት ናቸው። አልፎ አልፎ "እነዚህ ጴንጤዎች" ሲሉ ስለሰማኋቸው ብቻ ነው የጠረጠርኳቸው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነፈግኳቸው። መንገድ ላይ ሳያቸው ወደ ማዶ እሻገር ነበር።

አባቴ በተፈታ በአራተኛው ዓመት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ቀደም ሲል አብሬው የሠራሁ የሚስዮን ሐኪም ሰሜን ኬንያ ውስጥ፣ ቱርካና በሚባል በረሃ፣ ትንሽ ክሊኒክ ከፍቶ ኖሮ ለሦስት ወር መጥቼ እንዳገለግል ጠየቀኝ። የመውጫ ቪዛ ለማግኘት ስንት ወር ተመላለስኩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "ለሥልጠና" የሚል ነው። በመጨረሻ ተሳካ። የጸሎት ወዳጆቻችን እጃቸውን ጭነው ሲጸልዩልኝ፣ እግዚአብሔር ከጉለሌ ሰው ሁሉ እኔን ለይቶ የመረጠኝ መሰለኝ። ሻንጣዬን የሞላሁት በማስተማሪያ ሥዕሎችና ለስብከት ባዘጋጀሁት ደብተር ነው።

ደብተሩን አንድ ቀን እንኳ አልገለጥኩትም። የአገሩን ቋንቋ አልችል፣ የተሰጠኝም ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ ቁስል ማጠብ ነበር። ተበሳጨሁ። ለዚህ ለዚህማ አገሬ ምን አነሰኝ አልኩ።

እዚያ አኪሩ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ እሳት ላይ ወድቃ ክንዷ ስለተቃጠለ ክሊኒኩ ጥግ ካለ ዛፍ ሥር ሰፍራ ነበር የምትኖረው። አንገቷ ድረስ ጨሌ ደርድራ፣ ገላዋን ስብ ተቀብታ ትመጣለች፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነው የልጇን ክንድ የማጥበው። አንድ ጠዋት በቅል የፍየል ወተት አመጣችልኝ። ተቀበልኳትና ከክሊኒኩ ጀርባ ሄጄ ደፋሁት። ቀና ስል ቆማ እያየችኝ ነው። ባዶውን ቅል ተቀብላኝ ሄደች።

ከሳምንት በኋላ ወባ ጣለኝ። ሐኪሙ ራቅ ወዳለ መንደር ሄዶ ነበር። መድኃኒቱን ራሴ ወሰድኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙም አላስታውስም። ዓይኔን ስገልጥ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ የያዘ እጅ አየሁ። አኪሩ ናት። ያስመለስኩትን ጠርጋለች፣ የቆሸሸ ልብሴን አጥባ አስጥታለች። ቅሉን ወደ አፌ አስጠጋችልኝ። ጠጣሁት። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ስድን፣ እንግሊዝኛ የሚችለውን የክሊኒኩን ዘበኛ ይዤ ሄጄ፣ "ወተትሽን ስለደፋሁ ይቅር በይኝ በልልኝ" አልኩት። ሲነግራት ከት ብላ ሳቀች።

"ምን አለች?" አልኩት።

"ፍየሎቹ ነገም ይታለባሉ ነው የምትለው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁስል ሳጥብ ትንፋሼን መያዝ ተውኩ።

አገሬ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን እናቴ ስለ እትዬ ብርነሽ አነሳችብኝ። ልጃቸው ለውትድርና ከተወሰደ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤውም ተቋርጧል። እሳቸው ስኳር በሽታ ይዟቸው እግራቸው ቆስሎ አልጋ ላይ ወድቀዋል። አንዳንድ ሰው ምግብ አድርሶ ከደጅ ይመለሳል እንጂ ከሽታው የተነሳ ገብቶ የሚቀመጥ የለም።

እውነቱን ልናገርና፣ በራሴ ኮርቼ ነው የሄድኩት። ጠላቴን ላገለግል ነው፣ ተለውጫለሁ እያልኩ።

"ማነሽ?" አሉኝ ከአልጋቸው።

"አስቴር ነኝ፣ የጎረቤትዎ ልጅ።"

"አትጠጊኝ ልጄ፣ ሸትቻለሁ" አሉ።

"ሥራዬ እኮ ነው እትዬ" ብዬ ውኃ አሞቅኩና እግራቸውን ማጠብ ጀመርኩ። አምስት ቀን ተመላለስኩ። ስጨርስ ይመርቁኛል፤ እኔም ምርቃቱን ይገባኛል ብዬ እቀበላለሁ።

በስድስተኛው ቀን፣ ፋሻውን ፈትቼ ቁስሉን እያጸዳሁ ሳለ እጄን ያዙኝ።

"አስቴር፣ እንዲህ እያደረግሽልኝ ዝም ብል እግዜርም አይወደው። አባትሽን የጠቆምኩት እኔ ነኝ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ልጄን ይዘውብኝ ነበር። ወረቀት በትኗል አሉና ወሰዱት። ሰፈር ውስጥ የሚሰበሰብ ካለ ተናገሪ፣ ልጅሽን እንለቅልሻለን አሉኝ። ተናገርኩ። በማግስቱ ለቀቁልኝ።"

አምስት ዓመት ሙሉ ስጠረጥራቸው የኖርኩት እኔ፣ እውነት ሆኖ ስሰማው ግን የአባቴ ጆሮ ታየኝ። በእጄ የነበረውን ጨርቅ ሳህኑ ውስጥ ጣልኩና ተነስቼ ወጣሁ። ቁስሉን እንኳ አልሸፈንኩትም። "ልጄ፣ ልጄ" እያሉ ሲጠሩኝ እየሰማሁ በሩን ዘግቼ ሄድኩ።

አባቴ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ይሰፋል። በደህናው ጆሮው በኩል ቆሜ እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኩት። ስፌቱን አቆመ።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ምን? ከመቼ ጀምሮ?"

"እስር ቤት እያለሁ መርማሪው ነግሮኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከንም? ጠዋት ጠዋት 'እንዴት አደርሽ ብርነሽ' እያልክ ..."

"አንቺ ሳታውቂ እንኳ ሰላምታ ነፍገሻታል። ብታውቂማ ምን ልትሆኚ ነበር?" ከዚያ ክሩን እያስተካከለ ቀስ ብሎ፣ "አስቴር፣ እነዚያ ሰዎች አንቺን ይዘውብኝ ቢሆን ኖሮ እኔስ ማንን ልጠቁም እንደምችል አላውቅም" አለኝ።



በማግስቱ ማለዳ ተመልሼ ሄድኩ። እግራቸው ትናንት እንደተውኩት ነው፤ ዝንብ ሰፍሮበታል። የነጠላቸውን ጫፍ ሊሸፍኑበት ሞክረው ተጣብቆባቸዋል።

"መጣሽ?" አሉኝ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ።

ለይቅርታ የሚሆን ቃል ሳስብ ነበር ያደርኩት፤ ሁሉም ጠፋብኝ። "ትናንት ሳልጨርስ ነው የሄድኩት" ብቻ አልኳቸውና ውኃ ጣድኩ። ነጠላውን በለብታ ውኃ እያራስኩ ቀስ በቀስ ሳላቅቀው ሁለታችንም እናለቅስ ነበር። ያን ቀን አልመረቁኝም፤ እኔም ምርቃት አልጠበቅኩም።

በዚያው ሳምንት ከአባቴ ጋር ሆነን ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ፣ እግራቸው ግን ተረፈ። አባቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ደግፈናቸው ወደ ቤት ስንገባ ሰፈርተኛው ቆሞ ያይ ነበር። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ልጃቸው በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ከስቶና ጠቁሮ መጣ። እትዬ ብርነሽም ከእሱ ጋር ሁለት ዓመት ኖረው አረፉ። በቀብራቸው ቀን አባቴ ከልጃቸው ጎን ቆሞ እንደ ወንድም ለቅሶ ደራሹን ሲቀበል ዋለ።

የአምልኮ ነጻነቱ ከመጣ ወዲህ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ስለ ኬንያ አገልግሎቴ እንድመሰክር ብዙ ጊዜ ተጋብዤአለሁ። ስለ በረሃው፣ ስለ ወባው፣ ስለ አኪሩ ደግነት እናገራለሁ፤ ሰው ይደሰታል። አንዲት በሽተኛን የእግሯ ፋሻ እንደተፈታ ትቼ የወጣሁ ነርስ መሆኔን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ይኸው ዛሬ ጻፍኩት።