ለአባቴ ያልነገርኩት ግማሽ

ባለፈው ሰኞ ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ሐኪሙ የጻፈልኝን ወረቀት ዘረጋሁ። የተቀበለኝ ጺሙ ገና ያላደገ ቀጭን ልጅ ነው። ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አወረደና አላቀበለኝም፤ በእጁ እንደያዘ ሒጃቤን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለኝ። «ይኼ መድኃኒት ከአሳማ ቆሽት ነው የሚሠራው። ምትክ የለውም። ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ያሉ ሼሆች አሉ። የሚጠይቁት ሰው ካለዎት ጠይቀው ይምጡ፤ እኔ አስቀምጥልዎታለሁ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ስጠኝ» አልኩት። ከፍዬ ተቀበልኩት። በሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ቁጭ አልኩና የባጃጁን ትርምስ ሳይ ቆየሁ። ልጁ ሁለቱን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነው የነገረኝ፤ ከምን እንደሚሠራም፣ እንደሚፈቀድም። እኔ ግን ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ከተማ፣ ለገዛ አባቴ የፊተኛውን ነግሬ የኋለኛውን አስቀርቻለሁ።

አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ሉካንዳ ነበረው። ግዙፍ ሰው ነበር፤ የበሬ ጭን በአንድ እጁ ሰቅሎ በሌላው ከደንበኛ ጋር ይጨባበጣል። ይኼ ሰው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው መክሳት ጀመረ። ይበላል፤ የበላው ግን ሳይፈጭ ይወጣል። ሆዱ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ቅባት ያለው ነገር የቀመሰ ቀንማ መጸዳጃ ቤቱና እሱ አይለያዩም። የሠፈር ሰው «ሥጋ ሲሸጥ የራሱ ሥጋ አለቀ» ይል ጀመር። ለማማት የኛ ሠፈር ሰው መቼ ሰንፎ ያውቃል!

ደሴ ያየው ሐኪም «ቆሽትህ ደክሟል፤ ምግብ የሚፈጨውን ነገር ማመንጨት አቁሟል» አለው። እኛ ቆሽት የምናውቀው ሲያርር ብቻ ነው። አባቴ ግን ባለ ሉካንዳ ነውና በደንብ ያውቀዋል። «ጉድ እኮ ነው!» አለ ሲወጣ፣ እየሳቀ። «ይኼን ሁሉ ዓመት ለድመት የምወረውረው ዕቃ ነው ለካ ያቆመኝ?»

የታዘዘው መድኃኒት ያኔ እኛ አገር አልተገኘም። ጂዳ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ሐሊማ ገዝታ፣ ለሚመጣ ሰው እያስያዘች ትልክለት ጀመር። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት የማነብለት እኔ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ አንድ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፣ የቤቱ አዋቂ እኔ ነኝ። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። እንክብሉ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ አይደለም የሚዋጠው፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው፤ ቅባት ከበዛ ደግሞ በመሀል ይደገማል። ያለ እሱ የተበላ እንዳልተበላ ነው። በሦስት ወር ውስጥ የአባቴ ጉንጭ ሞላ፤ ቀበቶውም ወደ ድሮ ቀዳዳው ተመለሰ።

ከምን እንደሚሠራ ያነበብኩት ሁለተኛው ካርቶን ሲመጣ ነው፤ ከወረቀቱ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል። ደነገጥኩ። አባቴ በሐራም ነገር የማይታማ ሰው ነው፤ የሱ ቢላዋ ያለ ቢስሚላህ ተነስቶ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን በሠፈራችን መስጊድ ቁርኣን የሚያስቀሩትን ሼህ በሚስታቸው በኩል አስጠየቅኩ። መልሱ በማግስቱ መጣልኝ። «ሐኪም ካዘዘ፣ ሌላም ከሌለ ይውሰድ፤ ነፍስ ይቀድማል። ንገሪው፣ ልቡም እንዳይረበሽ አብረሽ ይኼን ንገሪው» ብለዋል። ደስ አለኝ። ግን አልነገርኩትም። እየወፈረ ነው፣ ምን አስጨነቀኝ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ጥፋት አልነበረብኝም፤ ቢኖርም ትንሽ ነው።

በዚያው ክረምት ኒካ ታሰረልኝ። ባሌ የደሴ ልጅ ነው፤ ሰርጉ ለጥር ተቀጠረና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቤተሰቦቹ አባቴን ምሳ ጠሩት። ሙሽራ ከሰርጓ በፊት አማቶቿ ቤት መሄዷ ያስነውራል ያሉ ነበሩ። አባቴ ግን «ፋጤ ካልመጣች ምግቤን የሚያውቅልኝ ማን ነው?» ብሎ ድርቅ አለ። ነጭ ሽርጡን አገልድሞ፣ ከላይ ኮቱን ደርቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ ወጣ። እንክብሎቹ በኔ ቦርሳ ነበሩ።

ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስተን የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጭጋግ ዋጠን። በየመታጠፊያው በለስ የሚሸጡ ልጆች ሳህናቸውን ወደ መኪናው መስኮት ይዘረጋሉ። አባቴ ገዝቶ አንድ ለኔ ላጠልኝ፤ ሙሽራ ሆኜም ያጎርሰኛል። እኔ ግን ልቤ እዚያ አልነበረም። ከሳምንት በፊት አንዲት አክስቴ «እዚያ ቤት ዘር ያጣራሉ፤ በሽታ ያለበት ቤት አይወዱም» ብላ ጆሮዬ ላይ ጥላብኝ ሄዳለች። ደግሞ አስቡት፤ አንድ ትሪ ከበን፣ ሁሉም እጁን ሲሰድ፣ የሙሽራዋ አባት ከኔ ተቀብሎ መድኃኒት ሲውጥ! የቀረበለትን ምግብ የጠረጠረ ነው የሚመስለው። በሰው ማዕድ ላይ እንዲህ አይደረግም። ይኼን እያወጣሁ እያወረድኩ ደሴ መናኸሪያ ደረስን።

ዳገቱን በእግር ስንወጣ ነው አፌን የከፈትኩት።

«አብዬ፣ ዛሬ እንኳ ብትተወውስ?»

«ምኑን?»

«እንክብሉን። ሰው ፊት ነው፤ ምን ይሉናል?»

«ያለ እሱ አትብላ ተብያለሁ እኮ። አንቺው አይደለሽ ያነበብሽልኝ?» አለ፣ እንደ ቀልድ። «ለነሱ እነግራቸዋለሁ። ታምሜ ነበር፣ አሁን ድኛለሁ እላለሁ። ምን አለበት?»

ታምሜ ነበር ሊላቸው ነው! ያኔ ነው የባሰብኝ። ከዚህ በኋላ ያልኩትን አልክድም፤ አምልጦኝም አይደለም፣ መርጬ ነው ያነሳሁት።

«ከምን እንደሚሠራ ታውቃለህ?» አልኩት። «ከአሳማ ነው። ከአሳማ ቆሽት።»

አባቴ ቆመ። ሰው እየገፋን ያልፋል። ፊቴን ረዥም ጊዜ አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። «ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀኝ የሼሁን መልስ እነግረው ነበር። እነግረው ነበር እላለሁ፤ እንጃ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አለኝ ብቻ።

«ቆየት ብሏል።»

«እሺ፣ ልጄ» አለ። «በይ እንሂድ፤ ሰው አናስጠብቅ።»

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ምን ያልተሠራ ነገር ነበር! ቅቤው የሚንሳፈፍ ቅቅል፣ ጥብስ፣ ዱለት፤ ለሉካንዳ ሰው ሌላ ነገር ማቅረብ ነውር መስሏቸው ሥጋውን አዘነቡት። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ እጁን ሰደደ። ቀስ እያለ፣ ከዳር ከዳር፣ እንጀራውን እያስበለጠ ሊበላ ሞከረ። ማን ይተወዋል!

«ወላሂ ይችን ሳይጎርሱ አይሆንም!» አሉ አማቴ፣ ጮማ ጠቅልለው።

«በቃኝ፣ እህቴ፤ አላህ ይስጥልኝ።»

«ቤታችንን ንቀውት ነው እንጂ ለሥጋ ነጋዴ ይቺ ምን አላት?»

ጎረሰ። አንዱን ጎርሶ አይቀርም፤ ሁለተኛውን የባሌ አጎት አጎረሰው፣ ሦስተኛው የምርቃት ነው ተባለ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ፤ የነሐሴ ደሴ ደግሞ ላብ የሚያወጣ አገር አይደለም። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። እጄን ብሰድ እደርስበታለሁ። አንዴ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ፈገግ አለልኝ። ምሳው ሲያበቃ ረዥም ዱዓ አደረገላቸው፤ ቤታችሁ በረካ ይሁን፣ ልጄን ለናንተ ሰጥቻለሁ አለ። አማቴ አለቀሱ። እኔ በልቤ፣ ተመስገን፣ አለፈልኝ እያልኩ ነበር። አይ እኔ!

መልስ ላይ የኋላ ወንበር ደረሰን። ሐረጎን መውረድ ስንጀምር አባቴ ሆዱን በሁለት እጁ ያዘ። «ወንድሜ፣ አንዴ አቁሙልኝ» አለ። ረዳቱ «አባት፣ መታጠፊያ ላይ እንዴት ይቆማል?» ሲል ቆይቶ ቆሙለት። ወርዶ ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋበት ሮጦ ተመለሰ። ትንሽ እንደወረድን ደግሞ «አቁሙልኝ» አለ፤ አሁን ግን ድምፁ የልመና ነበር፣ መኪናውም ቶሎ አልቆመም።

ያ ግዙፍ አባቴ፣ ያ ሽቶ የተቀባ ሰው፣ በነጭ ሽርጡ ላይ አመለጠው።

«ኧረ መስኮት ክፈቱ!» አለች ከፊት አንዲት ሴትዮ። አንዱ ሳቀ። ረዳቱ አፍንጫውን በሻርፕ ሸፈነ። እኔም ከጎኑ የነበረውን መስኮት ከፈትኩ። ማንም ባይነግረኝ ኖሮ አልከፍትም ነበር ማለት አልችልም። አባቴ ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አለበሰና እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ «አስተግፊሩላህ» እያለ ወረደ። ሐራም ውጬ ኖሬያለሁ ብሎ የሚጸጸት ነበር የመሰለኝ።

ቤት ስንደርስ ውኃ አሙቂልኝ አለኝ። ልብሱን ልቀበለው ስል «ተይው፣ እኔ አጥበዋለሁ» አለና ከጓሮ ተቀምጦ ራሱ አጠበው።

በማግስቱ ሁሉንም ልነግረው ተነሳሁ። ቁርሱን ሳቀርብ ግን እሱ ቀደመኝ፤ «እንክብሌን አምጪልኝ» አለ። ሰጠሁት። ቢስሚላህ ብሎ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ዋጠው። ሐራም መሆኑን እያወቀ፣ እንደሚፈቀድለት ሳያውቅ፣ ነፍሱን ፈርቶ የሚውጥ መሰለኝ። ያኔውኑ ሁለተኛውን ግማሽ ብነግረው፣ ለምን ትላንት አልነገርሽኝም ይለኛል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝምታ ደግሞ አንዴ ከተቀመጡበት መነሻው ይከብዳል።

ዘጠኝ ዓመት ኖረ። ሰርጌን አየ፣ ሁለት ልጆቼን አቀፈ። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር፣ እንክብሉን አንስቶ ቢስሚላህ ሲል ሻይ ለመቅዳት ዞር እላለሁ። በእያንዳንዱ ማዕድ አባቴን ኃጢአተኛ ነኝ እንዲል ያደረግኩት እኔ ነኝ እላለሁ። በመሀል አንድ ቀን ለአማቴ፣ ያን ቀን አባቴ ቅባት የማይስማማው በሽተኛ እንደነበር ነገርኳቸው። «ውይ!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «ምነው አንድ ቃል ብትነግሪን? ሽሮ እንሠራ አልነበር?»

ሽሮ!

አባቴ ሲሞት ሐሊማ ከጂዳ መጣች። ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ሁለታችን ዕቃውን ስናነሳ የተራረፉትን እንክብሎች አገኘች። «ታውቂያለሽ?» አለች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «መጀመሪያ ስልክለት ከአሳማ ነው ብዬ በስልክ ነገርኩት። እዚያ አዋቂ ጠይቄ ይቻላል ብለውኛል ስለው፣ ‹እንግዲያው በሽታው ይፈር!› ብሎ ሳቀ። ለፋጤ ግን አትንገሪያት አለኝ። ምግቤን የምታቀርበው እሷ ናት፣ እንዳትጸየፍ አለኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ዘጠኝ ዓመት የተሸከምኩት ወረደልኝ። አንድም ቀን በኃጢአት አልበላም ለካ! ሐሊማን አቅፌ ሳምኳት።

ከዚያ ወዲያ ነው የገባኝ። ካወቀ፣ እንደሚፈቀድለትም ካወቀ፣ ያን ቀን ደሴ ለምን ተወው? ለምን ያን ሁሉ ጮማ ጎረሰ? መንገድ መሀል ቆሞ ፊቴን ያን ያህል ያየው ሌላ ነገር እያነበበ ነበር። እንዳፈርኩበት ነው ያነበበው።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ ሐሊማ።

«ምንም» አልኳት። እስከዛሬም አልነገርኳትም።

አሁን የኔም ቆሽት ደክሟል፤ ያለ እንክብሉ አልበላም። ልጆቼ ፊት፣ እንግዳ ፊት እውጣለሁ፤ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። ይኼን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ለአባቴ ዱዓ አደርግለታለሁ፣ ሰደቃ አወጣለታለሁ። አፉ በለኝ ማለት የነበረብኝ ግን ጎኑ ተቀምጬ ሻይ በምቀዳለት በዚያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ነው። «አብዬ፣ ያን ቀን አፍሬብህ ነው» ብለው ኖሮ ምን ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ። «አውቃለሁ፣ ልጄ» ነው የሚለኝ። ያቺን እንኳ እንዲላት ዕድል አልሰጠሁትም።