የኮክ ፓይ በፍልሰታ

ሌላው ሰው በሚስቱ የሚቀናው ዓይኑን የጣለባት ጎረምሳ ሲያይ ነው። እኔ የቀናሁት በሊጧ ነው። ይህን ሳወራ የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። እነሱ ዕድሜ ልካቸውን ሽንኩርት ሲከትፉ ኖረው፣ ፓይ ጋግራ የማታውቅ ሚስት በአንድ ከሰዓት አልቀደመቻቸውም።

ያኔ ላሊበላ ውስጥ በአንድ መለስተኛ ሆቴል ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ለፈረንጆቹ "ሼፍ" ነኝ። ነጭ ቆብ ነበረኝ፤ ከርዝመቱ የተነሳ በበር ስገባ እኔ ቀጥ እንዳልኩ ነው፣ ጎንበስ የሚለው እሱ ነው። አዲስ አበባ ሦስት ወር ተምሬ፣ ፎቶዬ የተለጠፈበት ወረቀት ይዤ ተመልሻለሁ። ከተማርኩት ሁሉ የምኮራው በፓይ ነበር፤ ከታች ሊጥ፣ ከላይ ሊጥ፣ መሃሉ ፍራፍሬ። የኔን ፓይ የቀመሰ ፈረንጅ ሊያይ የመጣውን ውቅር ቤተ ክርስቲያን ረስቶ በማግስቱ አገሩ ይገባል እያልኩ አወራ ነበር። ሚስቴ ከጓዳ ሆና "ዘጠኙን ቀንሱለት!" ትላለች። ሰፈሩም ከሷ ተማረ። እኔ አሥር ስናገር ዘጠኙን ቀንሰው አንዷን ይዘው ይሄዳሉ።

አንዷንም የማይወስዱልኝ አማቴ ብቻ ነበሩ።

አማቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገር ምድሩ፣ ልጃቸውም ጭምር፣ "የኔታ" ነው የሚላቸው። ከሙጃ በላይ ካለ ደብር በየዓመቱ ለፍልሰታ ይመጡና ጾሙን እኛ ቤት ያርፋሉ። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለጿሚው ትርጓሜ ያሰማሉ፤ ከቅዳሴ መልስ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ያቺኑ አንዴ ይቀምሳሉ። ልጃቸውን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ "ሥራህ ምንድን ነው?" ቢሉኝ "ምግብ አበስላለሁ" አልኳቸው። ዝም አሉ። ዝምታቸው ከሙጃ ላሊበላ በእግር ደርሶ ይመለሳል። በመጨረሻ "ወንዱ ልጅ?" አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ልጃቸውን ሰጡኝ። አንድ ነገር ግን አስቀሩብኝ። የኔታ ውሃ ላቀበላቸው እንኳ "እጅህ ይባረክ" ሳይሉ አይቀሩም። እኔ የሠራሁትን በልተው ግን "ተመስገን" ይሉና ይታጠባሉ። ምስጋናው በቀጥታ ወደ ላይ ያልፋል እንጂ እኔ ጋ አያርፍም። ሁለት ቃል ናት። እሷን እየጠበቅሁ አሥራ ሁለት ፍልሰታ ጾምኩ።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመት በኋላ፣ ስኳር በቀበሌ ወረፋ በሚታደልበት ዘመን፣ ዘዴ መጣልኝ። ጓሯችን ውስጥ አንድ የኮክ ዛፍ አለ። ጾሙ በተፈታ ዕለት ለየኔታ የኮክ ፓይ ልጋግርላቸው፣ ቅቤውም የፈረንጅ ይሁን አልኩ። ከአዲስ አበባ በሚመላለስ ሹፌር አንድ ጣሳ አስመጣሁና ከእንስራው ጀርባ፣ ቀዝቃዛው ላይ፣ ሸሸግሁት። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ይደራጅ ነበር፤ እኔ ግን ምርቃቷን ከማንም ጋር መካፈል አልፈለግሁም።

ኮክ ደግሞ ፍቺ አይጠብቅም። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን መርገፍ ጀመረ።

"አንተ ሰውዬ" አለች ሚስቴ፣ ቀሚሷን ሙሉ ኮክ ይዛ፣ "ይኼ ሁሉ ለዝንብ ነው? ያንን የምትፎክርበትን ክዳናም ዳቦ ለየኔታ ብጋግርላቸውስ?"

"በጾም? ያለ ቅቤ? ያለ እንቁላል? እሜቴ፣ ያለ ግድግዳ ቤት ሥሪ ተብሎ ያውቃል?"

"እዚህ አገር ያለ እንጨት ያለ ጭቃ አሥራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል" ብላኝ ገባች።

በርጩማ ስቤ ልስቅባት ተቀመጥኩ። ሱፍ አመሰች፣ ወቀጠች፣ በውሃ በጥብጣ አጠለለች፤ ወተት የመሰለው ወረደላት። ለሊጡ ከውሃ ይልቅ እሱን አደረገችው። ስንዴውን አላሸችም፤ በጣቷ ጫፍ ብቻ ሰበሰበችው። ከዚያ በጠርሙስ ዳምጣ፣ ዘይት ቀብታ፣ ዱቄት ነስንሳ፣ እንደ ነጠላ አጠፈችው። ደግሞ ዳመጠች፣ ቀባች፣ አጠፈች።

"የኔታን ልታለብሻቸው ነው ልታበያቸው?" አልኳት።

ኮኩን ልጣ፣ ፍሬውን አውጥታ፣ በስኳርና በቀረፋ ጥቂት አበሰለችው። አሁን ጭማቂው የታችኛውን ሊጥ ያበሰብስባታል ብዬ ጉሮሮዬን ለሳቅ አዘጋጀሁ። ከኮኩ በፊት አንድ እፍኝ በሶ ከሊጡ ላይ በተነች። በሶው ጭማቂውን ጠጣው። ሦስት ወር ስማር ማንም ያልነገረኝን ነገር ለመንገድ ስንቅ ከሚበጠበጥ ገብስ አወጣችው። ክዳኑን የምታጣብቅበት እንቁላል የላትም ስል፣ የተልባ ውሃ አምጥታ ጠርዙን ቀባችው፤ በላዩም አሸችው፤ እንደ ወለላ አብለጨለጨ። ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ሲቃጠል ተሰማኝ። ገና እሳት አልነደደም።

ትሪውን በምድጃ ላይ አድርጋ፣ በቆርቆሮ ከድና፣ ከላይም ፍም ጫነችበት። ፈቀቅ ስትልልኝ ሁለት ፍም በመቆስቆሻ ገለል አደረግሁ።

"እጅህን ከፍሜ ላይ!" አለች፣ ዞራ እንኳ ሳታይ።

የኔታ ከቅዳሴ ሲገቡ ሽታው እስከ አጥሩ ወጥቶ ተቀበላቸው። ቢላዋው ሲያርፍበት ክዳኑ ኽሽ አለ፤ ሊጡ ቅጠል ቅጠሉን ተገለጠ። የኔታ ጎረሱ። ደገሙ። ከዚያ ሳህናቸው ላይ የቀረችውን ፍርፋሪ በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ለቀሙ። አሥራ ሁለት ዓመት የበሉትን አይቻለሁ፤ ፍርፋሪ ሲለቅሙ ያን ቀን ገና አየሁ።

"እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ" አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። "አየህ? ትምህርት ቤት ሳትገባ!"

ይቺን ባይጨምሩ ዝም እል ነበር። ምላሴ ግን ከኔ በፊት ተነሳች።

"የኔታ" አልኩ፣ በዓይኔ እየጠቀስኩ፣ "እንዲህ የሚፈረፈር ሊጥ ያለ ቅቤ አይገኝም። የተማርኩት እኔ ነኝ!"

ይስቃሉ ብዬ ነበር። የኔታ ሌላ ቁራሽ ጎርሰው ነበር፤ ማላመጥ አቆሙ። አፋቸው ውስጥ ያለውን ወደ መዳፋቸው መለሱና ልጃቸውን ተመለከቷት።

"ማርያምን! ቅቤ አልነካሁም፣ የኔታ" አለች።

"ቀልዴን ነው" አልኩ። "ቀልድ ነው፣ የኔታ!"

"ቅቤ በዚህ ቤት አለ?" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሚስቴ "የለም" አለች። የኔ ዓይን ግን ወደ እንስራው ሄደ። የኔታ የተማሪ ዓይን ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ተነስተው በመቋሚያቸው ጫፍ ከእንስራው ጀርባ ነካ ቢያደርጉ ጣሳው ተንከባለለና መሃል ቤት ቆመ። ላም ተሥላበታለች፤ የጠገበች፣ የምትስቅ ላም። ሚስቴ ላሟን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

የኔታ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ትርጓሜውን ሌላ መምህር ያዘ። የኔታ ከሰሚው ኋላ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ እንደ አንድ ተራ ምእመን ተቀምጠው ነበር። ሰው ምን ሆነው ነው ቢላቸው "አፌ ንጹሕ አይደለም" ብለዋል። ሚስቴ ይህን የሰማችው ከቅዳሴ መልስ፣ መንገድ ላይ፣ ከሌላ ሰው አፍ ነው። ቤት ገብታ ነጠላዋን ሰቀለች። አልተሳደበችም። ቢሆንልኝ ስድቧን እመርጥ ነበር።

ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ዋሽቼ ነው፣ የኔታ። ቀንቼ ነው። ቅቤው ለፍቺ ያስመጣሁት ነው፤ እሷ መኖሩንም አታውቅም።"

"ትናንት አለው አልክ፤ ዛሬ የለውም አልክ" አሉኝ። "ሰፈሩ ካንተ ቃል ዘጠኙን ይቀንሳል አሉ። የምትቀረው የትኛዋ ናት?"

እግራቸውን አጥብቄ ያዝኩ።

"ዓይኔ እያየ ይሠራ" አሉ። "የሚሠራውም አንተ ነህ።"

"እሷ ብትሠራው አይሻልም?"

"እሷ ልጄ ናት። ላምናት እፈልጋለሁ። የፈለገ ዓይን ምስክር አይሆንም።"

በዚያው ቀን ሞከርኩ። የኔታ በርጩማ ላይ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ከዱቄቱ እስከ ፍሙ ተመለከቱ። ሚስቴ ጀርባዋን ሰጥታ ምስር ትለቅማለች። ሱፉንም ተልባውንም እንዳየሁት አደረግሁ፤ ግን እጄ የለመደው ማሸት ነውና ሊጡን በቅናት ጉልበት አሸሁት። የወጣው አሥራ ሁለተኛው ውቅር ቤተ ክርስቲያን ነበር። ቢላዋው ተንሸራትቶ ተመለሰ።

የኔታ በጥፍራቸው አንኳኩ። "ይኼስ ቅቤ የለውም፤ ያስታውቃል" አሉ። መቋሚያቸውን አነሱና "ያኛው ግን እንዲህ አልነበረም" አሉ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የኔ ድንጋይ ነገሩን አባሰባት። እኔ በከፋሁ ቁጥር የሷ ሊጥ ቅቤ ያለው ይመስላል። ንጹሕ የምትሆነው እኔ የሷን ያህል ከሠራሁ ብቻ ነው። ፈጣሪ ለቀናተኛ እንዲህ ያለ ቅጣት አዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ ማን ነገረኝ!

ጓሮ ሄድኩ። የረገፈ ኮክ ትለቅማለች።

"አስተምሪኝ።"

"የተማርከው አንተ ነህ።"

"አልተማርኩም።"

"አልሰማሁም።"

"አልተማርኩም!"

"ቀጥል።"

ግራ ቀኝ አየሁ። "ሚስቴ ትበልጠኛለች!" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን ሳቅ ፈነዳ። "ዘጠኙን እንቀንስ እንዴ?"

"አይ" አለች ሚስቴ። ከሁለት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት። "ይቺን እንዳለች ውሰጃት።"

በማግስቱ ላሟ ከቤት ትውጣ አሉ የኔታ። ጣሳውን ለዚያችው ጎረቤት በአጥሩ ላይ አቀበልኳት፤ በፍቺው ዕለት ቅቤው ፀጉሯ ላይ እንደ ፀሐይ ሲያበራ አየሁት። ከዚያ ተጀመረ። እጁ የኔ፣ አፉ የሷ።

"አታሸው! ሰብስበው ብቻ። ሕፃን ነው፣ አትቆጣው።"

"በቃ?"

"ቅባ። አሁን እጠፍ። ነጠላ አጥፈህ አታውቅም? የማን ልጅ ነህ!"

የኔታ ፊት እንደ ተማሪ ተቆጣችኝ። የበሶው እፍኝ ሲበዛብኝ እጄን መታችኝ። የኔታ ጢማቸውን ሲያሹ አየሁ፤ ሳቅ መደበቂያቸው ነው። እኔም ላቤ እስከ ተልባው እየወረደ፣ ሊጡ በጣቴ ሥር ልስልስ ሲልልኝ፣ የምመኘው ነገር ቢኖር የሷን እንዲመስልልኝ ነበር። ከኔ ሆድ እንዲህ ያለ ምኞት ይወጣል ብሎ ማን ያምናል!

ክዳኑ ሲቆረጥ ኽሽ አለ።

የኔታ ጎረሱ፤ አላመጡ። ላሊበላ ተፈልፍሎ ያለቀው እሳቸው አላምጠው እስኪጨርሱ ባለው ጊዜ ነው እላለሁ። ከዚያ ቁራሹን አኑረው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"በከንቱ ጠርጥሬሻለሁ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

ጉልበታቸውን ሳመች። ጭንቅላቷን ይዘው ቆዩ። "ነገ ከቦታዬ እቆማለሁ" አሉ፤ ይህን ያሉት ለራሳቸው ይመስላል።

ከዚያ እኔን ተመለከቱ። መሬት መሬት እያየሁ ነበር፤ ከልቤ አልጠበቅሁም።

"እጅህ ይባረክ" አሉ።

ሁለቱም ቃል። አሥራ ሁለት ዓመት። ነጩን ቆቤን ባደርግ ኖሮ ከጣሪያው ጋር ይዞኝ ይነሳ ነበር። የኔታ ታጥበው ወደ መደባቸው ሄዱ። እኔ ምርቃቴን ታቅፌ፣ ሳህኑን ላነሳ ጎንበስ ስል፣ አየሁት።

ጠርዙን ትተውታል። ፍርፋሪውም እንዳለ ነው።

ቆሜ ሳህኑን እያየሁ ስቀር ሚስቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ እሷም አየችው። ጠርዙን አንስታ ቀመሰች፣ አላመጠች፣ ለጥቂት ጊዜ አሰበች።

"ደህና ነው" አለች።

ፍርፋሪውን ግን እሷም አልለቀመችውም።