ከብረት የሚመለስ ፍንጣሪ

ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥፋት የጀመረው፣ ተሳፋሪ መስሎ የገባ ሰው እንደ እሱ ታክሲ የሚነዳ አንድ ጓደኛውን ደብድቦ ከዘረፈው በኋላ ነው። ሲወጣ "ኤርፖርት ትሪፕ አለኝ" ይለኛል። ሲመለስ ካልሲው ላይ የሜዳ እሾህ ተሰክቷል። ኤርፖርት መንገድ ላይ ደግሞ እሾህ የለም።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ነኝ። "ደረጃ ላይ ወድቄ ነው" የሚሉ የተደበደቡ ሰዎች ስለማያልቁብኝ ውሸት በቀላሉ አያልፈኝም። አንድ ቀን ከዓይኑ ሥር ተቆርጦ መጣ።

"ምን ሆንክ?"

"ስላጭ ነው።"

"ዓይንህ ሥር ጢም ታበቅላለህ?"

እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

በሚቀጥለው ሳምንት ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ባለው አፓርትመንታችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሸሚዙን ስዘረጋ፣ ከኮሌታው ሥር አንድ ነገር ጣቴን ወጋኝ። እንደ ጥፍር ቁራጭ የሳሳ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ ቀላ ያለ ብረት ነው። የጆሮ ጌጥ ስብራት መሰለኝ። የማን ጆሮ እንደሆነ እያሰብኩ ሸሚዙ ላይ የሴት ፀጉር ፈለግኩ።

አጠገቤ ልብስ የሚያጥፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከሥራችን የሚኖሩ ኤርትራዊ ናቸው፤ አዲስ አበባ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ከድንበሩ ጦርነት ወዲህ የእኛ ሰዎች ከሰላምታ አልፈው አያናግሯቸውም። እኔም ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቁትን ጥቁር መነጽር አልወደውም ነበር። ዓይኑን የሚደብቅ ሰው ሌላም የሚደብቀው አያጣም እል ነበር።

"እስቲ አሳዪኝ" አሉኝ። ተቀብለው አገላበጡት። "ከየት አመጣሽው?"

"የጆሮ ጌጥ ነው አይደል፣ ጋሼ?"

"የጥይት ልባስ፣ እርሳሱን የሚሸፍነው መዳብ ነው። ብረት ላይ ተፈርክሶ የተመለሰ። ቤትሽ ውስጥ የሚተኩሰው ማነው?"

የሴት ጌጥ አለመሆኑ እፎይ ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር። ግን ታላቅ ወንድሜ የሞተው ጠረጴዛ ላይ ሽጉጥ ሲወለውል ነው። ባሌን ሳገባው ሽጉጥ ቤቴ እንዳይገባ አስምዬው ነበር።

ያን ዕለት ማታ ብረቱን ፊቱ አስቀመጥኩት። ብድግ ብሎ ወርዶ ከመኪናው ትርፍ ጎማ ሥር ሽጉጡን አመጣ። "እስካሁን ቤት አላስገባሁትም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ" አለኝ። "እንደ ጓደኛዬ እንዳልሆን ፈርቼ ነው። ከመታጠቄ በፊት ልለማመድ ብዬ ነው።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

አላመንኩትም። "ቅዳሜ አብሬህ እሄዳለሁ። ጋሼም ይመጣሉ።" ሽማግሌውንም ቢሆን አምኛቸው አይደለም፤ ባሌ የሚነግረኝን የሚያጣራልኝ ሰው ፈልጌ ነው።

ከኦሮራ ወደ ምሥራቅ ወጥተን ቤቶቹ ካለቁ በኋላ አንድ ደንበኛው የሆነ ገበሬ የፈቀደለት መሬት ላይ ደረስን። ጫፉ ላይ የአፈር ጉብታ አለ፤ ከጉብታው ፊት ከጋራዥ እንደ ቁርጥራጭ የተገዛ፣ እግር የተበየደለት ብረት ለኢላማ ቆሟል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አውራ ጣታቸውን በፊቱ ላይ አስኬዱ። ጣታቸው እየሰመጠ ነበር የሚሄደው።

"ይሄ ሳትገዛው በፊት በጠመንጃ ተመትቷል። ለስላሳ ብረት ነው፣ ተቦርቡሯል። ጥይት ደልዳላ ፊት ሲመታ ተፈርክሶ ወደ ጎን ይበተናል። ጉድጓድ ካገኘ ግን ዞሮ ወደ መጣበት ይመለሳል።"

"ጋሼ፣ ወር ሙሉ ተኩሼበታለሁ። ምን ሆንኩ?"

"የት ነው የምትቆመው?" አሉት። አሳያቸው። ጫማዬን አውልቄ ብወረውር ብረቱን አልስተውም ነበር። እዚያው አንድ ታጣፊ ጠረጴዛ ላይ የጥይቱ ካርቶን ተቀምጧል። ወደ ብረቱ የዞረው ጎኑ ብጥስጥስ ብሏል። በአንዱ ቀዳዳ ጣቴን አስገባሁ። ባሌ ጣቴን አየና ከዓይኑ ሥር ያለውን ጠባሳ ዳበሰ።

እኔ ግን ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። "እርስዎስ ይሄን ሁሉ ከየት አወቁት?" ድምፄ የፖሊስ ነበር።

መነጽራቸውን አወለቁ። ግራ ዓይናቸው ነጭ ነው።

"ፍንጣሪው ያገኘኝ እዚሁ ኮሎራዶ ነው። ተኳሹ እኔ አልነበርኩም፤ ጓደኛዬ ና እየኝ ብሎኝ ከኋላው ቆሜ ነበር። የመከላከያ መነጽር የሚያስፈልገው ለሚተኩሰው ብቻ ይመስለን ነበር።"

ካርቶኑን አንስቼ መኪናው ውስጥ ከተትኩት። በዚያን ቀን አንድም ጥይት አልተተኮሰም።

በኋላ ለኢላማ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ብረት ገዛን። ሽማግሌው አናቱን ወደ እኛ ዘንበል አድርገው በሰንሰለት ሰቀሉት፤ ፍንጣሪው ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። ከአንድ የከተማ አውቶቡስ ርዝመት በላይ አራቁን። ለሁላችንም መነጽርና የጆሮ መከላከያ አስደረጉን። እኔ እንደዚያም ሆኖ ሁሌ ከመተኮሱ በፊት ብረቱን በመዳፌ እየዳበስኩ ጉድጓድ እፈልግ ነበር።

ባሌ ቶሎ ብረቱን ማስጮህ ፈለገ። እሳቸው ግን መጀመሪያ ወረቀት ሰቀሉለት። "ብረት ስትመታው ይጮኻል፤ ስትስተው ዝም ይላል። የሳትከው ወዴት እንደሄደ የሚነግርህ ወረቀት ነው" አሉት። ጥይቶቹ ሁሉ ወደ ግራ ወርደው ነበር። "ቃታውን ትነጥቀዋለህ። ቀስ ብለህ ሳበው።" ጥይቶቹ ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ መሰብሰብ ሲጀምሩ ወደ ብረቱ አዞሩት። ነጭ ቀለም ነፍተውበት ስለነበር፣ ጥይት ያረፈበት ቦታ ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይታያል።

"አንቺስ?" አለኝ ባሌ።

እምቢ ብዬ ቆየሁ። ከዚያ ሽጉጡን ተቀበልኩት። የመጀመሪያው ጥይት ጉብታው ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ሲያርፍ ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ፤ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ደስ አለኝ። ደስታዬን ግን አላመንኩትም። አፈሙዙን ወደ ጉብታው እንዳዞርኩ አስቀመጥኩትና ወደ ኋላ ሄድኩ። ባሌ ፈገግ ብሎ ነበር፤ የፈለገው ሽጉጥ እንድለምድ ይሆን እያልኩ ፈገግታውን መረመርኩት።

ዳቦ ስናወጣ ሽማግሌው ጀሪካኑን አንስተው ውሃ አፈሰሱልን። "እጃችሁ ላይ የጥይት እርሳስ አለ፤ ሳትታጠቡ አትብሉ።" ታጥበን መኪናው ላይ ተደግፈን በላን።

"ከዛሬ ጀምሮ ሽጉጡ የት ነው የሚያድረው?" አልኩት።

"ጎማው ሥር።"

"አይሆንም።"

ስንመለስ መኪናው ውስጥ የሚታሰር፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ገዛን። ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ግን እስከ ገና ድረስ አልተስማማንም።