መብራት ቢጠፋም የሚቀዳው ሪሲቨር

ጅማ ውስጥ መብራት ሲጠፋም ድራማ የሚቀዳ ሪሲቨር ከፈለጋችሁ፣ የምገጥምላችሁ እኔ ነኝ። ባትሪውን የማገናኝበትን ዘዴ ማንም አያውቅም።

አጋሮ ያሉት ደንበኛዬ እማማ ዘሀራ ግን ቡና ሲለቅሙ ያመለጣቸውን ድራማ ሊያዩ ቢከፍቱት፣ የተቀዳው ጨለማ ብቻ ሆነባቸውና ደወሉልኝ። ስሜ ሊጠፋ ነው ብዬ ከነፍኩ። ባትሪው ደህና፣ ገመዱ ደህና፣ ሪሲቨሩም ደህና! ጎረቤት ተሰብስቦ አፍ አፌን ያየኛል።

በመጨረሻ ዲሹን ልፈትሽ ወደ ጓሮ ዞርኩ። አስተካክዬ የተከልኩት ዲሽ ወደ ሰማይ ተንጋሎ፣ ቀይ እሸት ቡና ተሰጥቶበታል።

"እማማ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ቡና መሬት አይንካ፣ ከፍ አድርጋችሁ አድርቁ ተብለን የለ? ወላሂ፣ እንዳንተ ዲሽ ቶሎ የሚያደርቅ አላየሁም!" አሉና ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ።

"ለእናንተም እሱ ይግጠምላችሁ። ትልቁን!"