ለጠያቂ ጀርባ የማይሰጥ በሽተኛ

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም በእግራችን ቆመን አብረን የሠራነው የመጨረሻው ሥራ ስጥ ማስገባት ነበር። ነገሩ የሆነው የሚሌኒየሙ በዓል ካለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ቡና በሚለቀምበት ወር፣ ሚዛን ተፈሪ ባለው ቤታችን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ወር ከአእምሮዬ የማይጠፋው በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬም ስቄም ስለማላውቅ ነው።

ጓሮ ውስጥ ሸራ ዘርግተን ኮረሪማ አስጥተን ነበር። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። ማካፋት ሲጀምር ታደሰ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል የሸራውን ጫፍ ይዘን ወደ በረንዳ ሮጥን።

"ቀስ በል፣ ጭቃ ነው" አልኩት።

"እኔ የቴፒን ጭቃ ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ። አንቺ መሪሽን ያዢ" አለኝ።

ቃሉን ሳይጨርስ እግሩ ከዳው። ኮረሪማው ተበተነ፣ እሱም በጎኑ ወደቀ።

ታደሰ የቡና መኪና ሾፌር ነበር። ያኔ መንዳት ካቆመ ሰባት ዓመት ሆኖት፣ ዕድሜውም ሰባን አልፎ ነበር። እኔ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። አስተማሪነቴን የማነሣው ለጉራ አይደለም፤ ኋላ ይገባችኋል።

ሆስፒታል ወሰድነው። ራጅ ተነሣና ዳሌው ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም፣ አጥንቱ እስኪገጥም መተኛት ነው አለ። ታደሰ ደስ አለው። "መድኃኒቱ መተኛት ከሆነ እኔ ጎበዝ በሽተኛ ነኝ" አለ።

ደስታው የቆየው ሲስተር ማርታ እስክትመጣ ነው። ሲስተር ማርታ የሸኮ ልጅ ናት፤ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ግን ከክፍሉ ጥግ እስከ ጥግ የሚሰማ።

"ጋሼ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይዞራሉ" አለችው። "አንዴ በቀኝ ጋደል፣ አንዴ በግራ ጋደል፣ አንዴ በጀርባ። ከኋላዎ ትራስ፣ በጉልበትዎ መሀል ትራስ። ተረከዝዎ ፍራሹን አይነካም።"

"ልጄ፣ ይሄ አልጋ ነው ወይስ የቴፒ ኩርባ?"

"ካልዞሩ ይቆስላሉ። አጥንትዎ ቆዳውን ፍራሹ ላይ ሲጫነው ደም አይደርሰውም፤ ደም ያልደረሰው ቆዳ ይሞታል።"

"ሠላሳ ዓመት ተቀምጬበት ያልቆሰለ መቀመጫ ለአንድ ወር ብተኛበት ነው የሚቆስለው?"

ክፍሉ ውስጥ የተኛው ሁሉ ሳቀ። ሲስተር ማርታ አልሳቀችም። ታደሰ ያን ዕለት "ትራፊክ" የሚል ስም አወጣላት። ኮሪደሩ ላይ ድምፅዋ በተሰማ ቁጥር "ትራፊክ መጣች፣ መንጃ ፈቃዳችሁን አዘጋጁ" ይላል።

በሽተኛው ብዙ፣ ሲስተሮቹ ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ሌሊት ተረኛዋ ልታዞረው፣ ቀን ቀን ደግሞ እኔ ከአንድ ሌላ አስታማሚ ጋር ሆኜ ላዞረው ተስማማን። ከሥሩ ያለውን አንሶላ ይዘን ሳንጎትተው፣ ከፍ አድርገን እንዴት እንደምናዞረው ሲስተር ማርታ አሳየችኝ። ሰዓቱና የተዞረበት ጎን የሚጻፍበት ወረቀትም አልጋው ግርጌ ሰቀለች።

"ቲቸር፣ ጽሕፈትዎ ያምራል። ባዞሩት ቁጥር ይጻፉልኝ" አለችኝ።

ችግሩ ሕመሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታደሰ ይችለው ነበር። አልጋው በግራ በኩል ወደ ግድግዳ፣ በቀኝ በኩል ወደ በር ነው። ጠያቂ የሚቀመጥበት አግዳሚ ደግሞ ያለው በበሩ በኩል ነው። ታደሰ ጠያቂው ብዙ ነው፤ የዕድር ሰው አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የድሮ ሾፌሮች አሉ። ወደ ግድግዳ ጋደል ካለ ጀርባውን ለሰው መስጠቱ ነው።

"ሰው ሥራውን ትቶ፣ ብርቱካን ይዞ መጥቶ ማጅራቴን ይጠይቅ? ከዚህ ነውር ሞት ይሻለኛል" ይላል። የሚወደው በጀርባው ከፍ ብሎ ተደግፎ፣ እንደ ዳኛ የሚገባ የሚወጣውን ማየት ነበር።

ሁለት ቀን እየተቆጣ አዞርኩት። በሦስተኛው ቀን ለመነኝ።

"በሞቴ፣ ዛሬን ብቻ ተይኝ። ሾፌር ጓደኞቼ፣ እነ ወንድሙ፣ ይመጣሉ።"

"ወረቀቱስ?"

"የምትጽፊው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

ጻፍኩት። አራት ሰዓት በግራ፣ ስድስት ሰዓት በቀኝ፣ ስምንት ሰዓት በጀርባ፤ በዚያ ባማረው ጽሕፈቴ። ፈተና ላይ ሲኮርጁ የያዝኳቸው ልጆች ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደርድረው የሚያዩኝ መሰለኝ። ይሁን እንጂ በማግሥቱም ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀንማ ለመድኩትና ጠዋት ቁጭ ብዬ እስከ ማታ ያለውን በአንድ ጊዜ ጽፌ ጨረስኩ።

ሲስተር ማርታ እኩለ ቀን ሳይሆን መጣች። ወረቀቱን አነበበች። የእጅ ሰዓቷን አየች። እንደገና ወረቀቱን አነበበች።

"ቲቸር፣ ጋሼ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በግራ ዞረዋል ይላል።"

"አዎ" አልኩ።

"አሁን እኮ ገና አምስት ሰዓት ነው።"

ፊት ለፊት አልጋ ላይ የተኙት ሰውዬ ሳቃቸውን ለማፈን የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ ነከሱ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ወረቀቱ ሲዞር ሰንብቷል፤ ሰውየው ነው ያልዞሩት" አለች።

ትራሱን አንሥተን ወደ ጎን ጋደል አደረግነው። ከሥሩ መጀመሪያ የተገኘው ቆሎ ነው። አንድ እፍኝ የሚሆን የገብስ ቆሎ አንሶላው ላይ ተዘርቶ፣ አንዳንዱ ገላው ላይ ማኅተም መስሎ ተለጥፏል።

"ወንድሙ ነው ያመጣው" አለ ታደሰ፣ ጥፋቱን በጓደኛው እንደሚያላክክ ተማሪ።

ሲስተር ማርታ ቆሎውን አራግፋ ጎንበስ አለች። ከወገቡ በታች፣ ከመቀመጫው በላይ ባለው አጥንት ላይ፣ የስኒ ቂጥ የምታህል ቦታ ከሌላው ቆዳ ጠቁራ ነበር። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት ቶሎ አይታይም። ስለዚህ በእጇ ጀርባ ዳሰሰቻት፤ ከዚያ የእኔን እጅ ወስዳ አስዳሰሰችኝ። ትሞቃለች፤ ጠንከርም ብላለች። ሲስተር ማርታ በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ የጠቆረችው ቦታ መልክ አልተለወጠም።

"ቅቤ ልሽለት?" አልኩ።

"አይታሽም። የተጎዳ ቆዳ ሲያሹት ይብሳል። የሚፈልገው ከላዩ ላይ መነሣትን ነው። ገና አልተላጠም። ከተላጠ ግን፣ ቲቸር፣ በእሳቸው ዕድሜ..." ብላ ተወችው።

እንድትጨርሰው አላስፈለገም። የታደሰ ታላቅ ወንድም ጌጫ ላይ ታሞ ከበሽታው ካገገመ በኋላ ጀርባው ቆስሎ ነው የሞተው። አራት ወር ተሠቃይቷል። ያስታመመውም ታደሰ ነበር። ስለዚያ ቁስል ቤታችን ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። ዞር ብዬ ሳየው ታደሰ ግድግዳውን ያያል። ቀልድ አልተናገረም። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት።

ሲስተር ማርታ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር፤ የጠየቀችኝ ግን ለምን እንደማይዞር ነው። የጠያቂዎቹን ነገር ነገርኳት።

"ጋሼ ለእንግዳ ጀርባ አይሰጡም ማለት ነው?"

"ቢሞት አይሰጥም።"

"ለማንም?"

"ለጠላቱም ቢሆን።"

ፈገግ ስትል ያየኋት ያን ጊዜ ነው። "እንግዲያው ከሰውየው ጋር ምን አታገለን? እንግዳውን እናዙረዋ" አለች።

አልጋውን ከግድግዳው ሳብ አደረግንና አግዳሚውን በዚያ በኩል አስገባነው። ታደሰን ደግሞ ወደ በሩ ጋደል አድርገን ከጀርባው በትራስ ደገፍነው። እሱም በሩን ስላየ አልተከራከረም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወንድሙ መጡ። እሳቸውም ሾፌር ነበሩ። በክረምት ጎማቸውን በሰንሰለት አስረው ቴፒ ቀድሞ የገባው ማነው በሚል ከታደሰ ጋር ሃያ ዓመት የተጨቃጨቁ ናቸው። ሲስተር ማርታ "ጋሼ፣ በዚህ ይለፉ" ብላ ግድግዳው ሥር አስቀመጠቻቸው።

"ታደሰ፣ እንደምን ዋልክ? ወይስ ዛሬ የሚያናግረኝ ማጅራትህ ነው?" አሉ።

ታደሰ አንገቱን ሊጠመዝዝ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

"ወንድሙ፣ ወደዚህ ና።"

"ትራፊኳ እዚህ አቁም ብላኛለች። እኔ እንዳንተ አይደለሁም፣ ሕግ አከብራለሁ። ደግሞ ይኸውልህ፣ ያን ሁሉ ዓመት ከፊትህ ስነዳ ኋላህን አይቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ገና አየሁት።"

"አዙሩኝ!" ብሎ ጮኸብን ታደሰ። "በላይነሽ! ትራፊክ! ኧረ አዙሩኝ፣ ይሄን ውሸታም ፊት ለፊት ላግኘው!"

አዞርነው። እኔም ወረቀቱ ላይ ጻፍኩ፦ ዘጠኝ ሰዓት፣ በግራ። እውነት በመጻፍ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም።

ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሲስተር ማርታ ተመልሳ መጣች። ጋሽ ወንድሙን "እዚህ ፀሐይ አገኘዎት" ብላ በበሩ በኩል አዛወረቻቸው። ውጭ ዝናብ እየወረደ ነበር። ታደሰም ክርክሩ ስላላለቀ ተከትሏቸው ዞረ።

በማግሥቱም፣ በሠልስቱም እንዲሁ ሆነ። ጎረቤታችን አስካለች ለሦስተኛ ጊዜ ከመቀመጫዋ ስትነሣ "እዚህ ቤት አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ ሰው መጠየቅ አይቻልም እንዴ!" ብላ ተቆጣች።

የቸገረን ጠዋት ነው፤ ጠዋት ጠያቂ አይገባም። አንድ ቀን እኔው ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩና "ታደሰ፣ ወደዚህ ዙር" አልኩት።

"አንቺ እንግዳ ነሽ እንዴ? አርባ ዓመት ያየሁትን ፊት ለማየት ዳሌዬን ላሳምም?"

ተናድጄ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆም አልኩ። ነጠላዬን አስተካክዬ ለበስኩ፣ ጫማዬን ጠራረግሁ፣ በሩንም አንኳኳሁ።

"እንደምን አደራችሁ? አቶ ታደሰ የሚባሉ ሾፌር እዚህ ተኝተዋል ሲባል ሰምቼ ልጠይቃቸው መጥቼ ነው።"

ታደሰ አየኝ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ከየት ነው የመጡት፣ እመቤቴ?"

"ከጓሮ። ኮረሪማ ተበትኖብኝ ስለቅም ነው የዘገየሁት።"

"ሲስተር!" አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እባክሽ አዙሪኝ፤ የተከበሩ እንግዳ መጥተውብኛል።"

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እንግዳ ሆንኩ። አንድ ቀን ከቱም የመጣሁ የማር ነጋዴ ነኝ፤ አንድ ቀን ከጅማ የተላክሁ የትራፊክ አዛዥ። ሌሎቹ በሽተኞችም ዛሬ ማን ይመጣል እያሉ በሩን መጠበቅ ጀመሩ።

በሳምንቱ ሲስተር ማርታ አግዳሚውን ስትጎትት ታደሰ በዓይኑ ተከተላት።

"ትራፊክ፣ ሰዉን እያዞራችሁ የምታዞሩት እኔን ነው፣ አይደል?"

"አሁን ነው የነቁት፣ ጋሼ?"

"የነቃሁትማ በዝናብ ወንድሙን ፀሐይ አገኘዎት ስትዪው ነው።"

እውነት ይሁን ጉራ እግዜር ይወቀው። ሲስተር ማርታ እየሳቀች ከወጣች በኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወንድሜን እኔ ነበርኩ ያስታመምኩት። አብልቼዋለሁ፣ አጥቤዋለሁ። ማዞር እንዳለብኝ ግን የነገረኝ አልነበረም" አለኝ።

እጁን ያዝኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ሰዓቱን የሚቆጥረው ራሱ ሆነ፤ ሁለት ሰዓት ሞልቶ አምስት ደቂቃ ካለፈ ይጣራል።

ያቺ የጠቆረች ቦታ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘች፣ ለሰለሰችም። ሳትላጥ ጠፋች። ከሆስፒታል የወጣን ዕለት ሲስተር ማርታ ከማጅራቱ እስከ ተረከዙ መረመረችው። "ምርመራ አልፈዋል፣ ጋሼ፤ ቦሎ ይለጠፍልዎታል" አለችው። ታደሰ በዱላ እየተራመደ እስከ በሩ ድረስ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረ። ባለፈው ዓመት ልቡን አሞት በሁለት ቀን ውስጥ አረፈ። ገንዘው ከወጡት ሰዎች አንዱ ጋሽ ወንድሙ ነበሩ። ልቅሶው መሀል ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "በላይነሽ፣ ጀርባው ንጹሕ ነው" አሉኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባቸውም። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ቀን ከተነገረኝ የማጽናኛ ቃል ያጽናናኝ እሱ ነው።

ያን በውሸት የሞላሁትን ወረቀት ሳስብ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ሐዘኔም ገና ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንኳ የጨረስኩት እየተውኩ፣ እንደገና እያነሣሁ፣ በብዙ ቀን ነው።

አሁን ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ጠያቂ የሌላቸውን ሽማግሌዎች እጠይቃለሁ። ሲስተሮቹ ባሳዩኝ በኩል እቀመጣለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ተነሥቼ በሌላው በኩል እቀመጣለሁ።